ጣሪያ ላይ የሚያድር ፋሲካ

በኢየሩሳሌም አሮጌው ከተማ በደማስቆ በር ገብታችሁ ቁልቁል ስትወርዱ ኻን አል-ዘይት የሚባለው ገበያ ይቀበላችኋል። መርካቶን ለሚያውቅ ሰው ብዙ እንግዳ አይሆንም፤ የቅመም ሽታ፣ መንገድ ልቀቁ የሚል ባለጋሪ፣ «ግቡ፣ እዩ» የሚል ባለሱቅ። ጥቂት እንደሄዳችሁ በስተቀኝ በሱቆች መካከል አንድ የድንጋይ ደረጃ አለ። የሚያውቅ ሰው ካላሳያችሁ ታልፉታላችሁ። ደረጃውን ወጥታችሁ መንገዱን እስከ መጨረሻው ስትከተሉ አንድ የድንጋይ ዓምድ ታገኛላችሁ። በሕማማት መንገድ ላይ ከሚቆጠሩት 14 ማረፊያዎች ዘጠነኛው፣ ጌታ ለሦስተኛ ጊዜ ወደቀ ተብሎ የሚታሰብበት ነው። ከዓምዱ አጠገብ ትንሽ በር አለች። በእሷ ስትገቡ በጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ቆማችኋል። ፊት ለፊታችሁ ዝቅ ዝቅ ያሉ የጭቃ ጎጆዎች ታያላችሁ፤ ከአንደኛው ውስጥ ዳዊት የሚደግም ድምፅ ይሰማል።

ቦታው ዴር ሱልጣን ነው፤ በዐረብኛ «የሱልጣኑ ገዳም» ማለት ነው። ከግቢው መሀል ከወለሉ ብቅ ያለው ክብ ጉልላት ከሥር ያለው የንግሥት እሌኒ ቤተ መቅደስ ጉልላት ነው። በየዓመቱ መስከረም ላይ በደመራ የምናስባት እሌኒ ራሷ ናት። በጉልላቱ መስኮቶች የሚገባው ብርሃን ታች ላሉት ጸሎተኞች ይደርሳል። ዙሪያውን በመስቀል ጦረኞች ዘመን የተሠራ ሕንፃ ፍራሽ ቆሟል፤ የመነኮሳቱ ማደሪያዎችም በፍራሹ ጥግ ጥግ ተጠግተዋል። በሮቹ አጫጭር ስለሆኑ ረዥም ሰው ጎንበስ ሳይል አይገባም።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። አንድ ቦታ ስደርስ ዓይኔ መጀመሪያ የሚፈልገው ምልክቱን፣ ቀለሙን፣ የሚሸጠውን ነገር ነው። ይህን ቦታ ለእኛ መሥሪያ ቤት ቢሰጡት ኖሮ ምን እናደርገው እንደነበር እያሰብኩ ለብቻዬ ሳቅሁ። በዓለም ላይ ክርስቲያን ሁሉ ሊያየው በሚመኘው ቤተ ክርስቲያን አናት ላይ ተቀምጠው ትኬት አይቆርጡም፣ እንግዳ አይጠሩም። የመጣውን ይቀበላሉ፣ የሄደውን ይሸኛሉ።

«ሚሲዮናዊ» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ወደ እኛ የመጣውን ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረ አባት ወይም በሚሲዮን ሆስፒታል የተወለደ ዘመድ አናጣም። ከእኛ ወጥተው በሰው አገር ለእምነታቸው የሚያገለግሉትን ግን እምብዛም አናነሳም። ዴር ሱልጣን ያሉት አባቶችና እናቶች ትምህርት ቤት አልከፈቱም፤ በየመንደሩ እየዞሩም አይሰብኩም። ሥራቸው መቆየት ነው። በሌሊት ተነሥቶ ሰዓታት መቆም፣ ቅዳሴውን ሳያስታጉሉ መቀደስ፣ ቦታው ሰው አልባ ሆኖ እንዳያድር መጠበቅ። ቀላል ይመስላል። አንድ ቀን ከእነሱ ጋር የዋለ ሰው ግን ቀላል ነው አይልም።

መቆየቱ ለምን ይህን ያህል እንደከበደ ለመረዳት ትንሽ ታሪክ ያስፈልጋል። ኢትዮጵያውያን በኢየሩሳሌም ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ይኖሩ ነበር። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1441 በፍሎረንስ ጉባኤ ላይ የቀረቡት ኢትዮጵያውያን የተላኩት ከዚሁ ከኢየሩሳሌም ማኅበራችን ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥም የራሳቸው የጸሎት ቦታዎች ነበሯቸው። በ1517 ከተማዋ በኦቶማን ቱርኮች እጅ ከገባች በኋላ ግብሩ እየከበደ፣ አገር ቤትም በጦርነት እየተዳከመ ሲሄድ፣ ገንዘብና ወዳጅ ያለው ወገን የእኛዎቹን ቦታ አንድ በአንድ ወሰደው። ጣሪያው ቀረ። በ1838 ደግሞ ወረርሽኝ ገብቶ መነኮሳቱ አለቁ፤ የነበሯቸው መጻሕፍትና ሰነዶችም ተቃጠሉ። የይዞታ ማስረጃው በአንድ ቀን አመድ ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ ዛሬ ቤተ ክርስቲያኑን ከሚጋሩት ስድስት ወገኖች፣ ማለትም ከግሪክ ኦርቶዶክስ፣ ከካቶሊክ፣ ከአርመን፣ ከኮፕት፣ ከሶርያና ከኢትዮጵያ መካከል፣ ጣሪያ ላይ የሚኖረው የእኛ ነው። እዚያ ሁሉም ነገር በ1852 በወጣ የሱልጣን ትእዛዝ «እንደነበረ ይቆይ» በሚለው ደንብ የሚተዳደር ነው። ማን የትኛውን ደረጃ ይጠርጋል፣ ማን የትኛውን መብራት ያበራል የሚለው ሁሉ ሕግ ነው። የዋናው በር ቁልፍ እንኳ በሁለት የሙስሊም ቤተሰቦች፣ በጁዴህና በኑሴይባ እጅ ነው። የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤት ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ተቀምጣችሁ የምታውቁ ከሆነ ይገባችኋል፤ ያንን በስድስት ቋንቋና በብዙ መቶ ዓመታት አባዙት።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ክርክሩ ከቅርብ ዘመዳችን ጋር መሆኑ ነው። ገዳሙን ኮፕቶችም የእኛ ነው ይላሉ። ለረጅም ዘመን ጳጳስ ይልኩልን የነበሩት፣ በጾም፣ በበዓልና በሃይማኖት ከሁሉ የሚቀርቡን እነሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1970 በፋሲካ ሌሊት ግብፃውያኑ ለጸሎት ወደ ታች እንደወረዱ ከጣሪያው ወደ አደባባዩ የሚያወርዱት የሁለቱ ቤተ መቅደሶች ቁልፎች ተቀየሩ፤ ከዚያ ወዲህ ይዞታው በኢትዮጵያውያን እጅ ነው። በቀጣዩ ዓመት የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቁልፉ ለኮፕቶቹ እንዲመለስ ወሰነ፤ መንግሥት ግን ውሳኔውን ሳያስፈጽም ቀረ፤ ጉዳዩ እንደተንጠለጠለ ነው። በ2002 የበጋ ቀን አንድ የኮፕት መነኩሴ ወንበሩን ከፀሐይ ወደ ጥላ ሲያዛውር በተነሣ ጠብ 11 ሰዎች ሆስፒታል ገብተዋል። ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ ከዚያ «ለምን?» ይላሉ። መልሱን ከአሁኑ አስቡበት። እኔ ለራሴ ያገኘሁት መልስ ይህ ነው፦ ሰነዱ ሲቃጠል ማስረጃ ሆኖ የሚቀረው የተቀመጥክበት ቦታ ብቻ ነው፤ እንዲህ ሲሆን ወንበር ወንበር ብቻ መሆኑ ይቀራል።

ወደዚያ የሄድኩት እናቴን ይዤ ነው። እሷ ስለቱን የተሳለችው እኔ ሳልወለድ ነው፤ ገንዘቡ የተጠራቀመው በዕቁብ ነው፤ ጉልበቷ ግን ዕቁቡ እስኪደርሳት አልጠበቃትም። ደረጃውን በየሦስቱ እየቆመች ወጣች። በሩ ላይ የተቀበሉን አባት የጎጃም ሰው ናቸው። አነጋገሯን ሰምተው «እናቴ፣ ከወዴት ነሽ?» አሏት። ደብረ ማርቆስ ስትላቸው ወንበር ለማምጣት ተጣደፉ። እኔ በልቤ ወንበሩን ወዴት እንደሚያስቀምጡት እከታተል ነበር።

አባ ወደዚህ ከመጡ 30 ዓመት ሊሞላቸው ነው። በእነዚህ ዓመታት አንድም ቀን አገር ቤት አልገቡም። እናታቸው ሲያርፉ የሰሙት ከአርባው በኋላ በተላከ ደብዳቤ ነው። ይህን ሲነግሩን ድምፃቸው አልተለወጠም፤ የእናቴ ነጠላ ግን ወደ ዓይኗ ሄደ። «አባ፣ አንዴ እንኳ ለለቅሶው ብቅ ቢሉ ምናለ?» አለቻቸው። «እኔ ስሄድ ሌላው ይሄዳል፤ ሌላው ሲሄድ ሌላው። ከዚያ ማን ቀደሰ?» አሉና የጉልላቱን ድንጋይ በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። ከዚያ ወዲያው ስለ በርበሬ ዋጋ ጠየቋት።

እናቴ ወደ ኢየሩሳሌም የሄደችበት አንድ ምክንያት ነበራት፤ እኔ ልሰማው ያልፈለግሁት። መግነዝ ልትገዛ ነው። ከታች ባለው ቤተ ክርስቲያን በር ልክ እንደገባችሁ የጌታ ሥጋ ሽቱ ተቀብቶ የተገነዘበት ተብሎ የሚታሰብ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ከየአገሩ የመጡ ምእመናን ተንበርክከው ይስሙታል፣ ዘይት ያፈሱበታል፣ ነጭ ጨርቅ ይዘረጉበታል። እሷም ከገበያ የገዛችውን ነጭ በፍታ ዘረጋችው፤ ሽፍንፍን አድርጋ እንደ ሕፃን ልብስ አጣጠፈችው። «ይህን አደራ፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ከላይኛው መደርደሪያ» አለችኝ። አጠገቧ የነበረች አንዲት የሩስያ ሴት ያንኑ እያደረገች ነበር፤ ቋንቋ ሳይኖራቸው ተያይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ሳልናገር ፕላስቲክ ከረጢት ፈለግሁ። ወላጆቻችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ ይህ ጊዜ እንደሚመጣ እወቁ። ከጉብኝቱ ፎቶዎች ሁሉ ይልቅ እሷ የምትመለከተው ያንን ጨርቅ ነው።

የሰሙነ ሕማማቱን ነገር በአጭሩ ልንገራችሁ። ሆሳዕና ከደብረ ዘይት ተራራ ወደ ከተማው የዘንባባ ጉዞ ነው፤ ቁልቁለት ስለሆነ ልጅም አዛውንትም ይችለዋል። ጸሎተ ሐሙስ እንደ አገር ቤት እግር ይታጠባል። ዓርብ ስግደቱ በድንጋይ ወለል ላይ ነው፤ በጠዋቱ ደግሞ በሕማማቱ መንገድ መስቀል ተሸክመው የሚያልፉ የየአገሩ ማኅበራት ጠባቡን ጎዳና ይሞሉታል፤ አንዱ በግሪክኛ፣ አንዱ በዐረብኛ፣ አንዱ በአማርኛ።

ቅዳሜ ቀን ላይ ታች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቅዱስ እሳት የሚባለው ሥርዓት አለ። የግሪኩ ፓትርያርክ ብቻቸውን ወደ መቃብሩ ይገባሉ፤ ሲወጡ ሻማቸው ይነድዳል፤ እሳቱ በደቂቃዎች ውስጥ ከሻማ ወደ ሻማ ተላልፎ ቤተ ክርስቲያኑ ይግላል። በአውሮፕላን እስከ ግሪክ ይሄዳል። ግፊያው ግን ከባድ ነው። ፖሊስ መንገዱን የሚዘጋው ከጠዋቱ ነው፤ ለሰዓታት መቆም አለ፣ ሙቀት አለ። ትናንሽ ልጆችና ጉልበት የሚያማቸው ሰዎች ባይሞክሩት ይሻላል። እናቴን ጣሪያ ላይ አባ ወንበር ላይ ትቻት ወረድኩ፤ ገና በሩን ሳላልፍ ተመለስኩ። አልቆጨኝም።

ምክንያቱም የእኛው ቅዳሜ የሚጀምረው ሲመሽ ነው። ታች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የራሳቸው ቦታ የሌላቸው ኢትዮጵያውያን ጣሪያው ላይ ድንኳን ይተክላሉ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ግቢው ነጭ ይሆናል። ከአዲስ አበባ፣ ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካ የመጡ፣ በዚያው አገር ሠርተው የሚያድሩ እናቶች፣ ልጅ ያዘሉ። ሊቀ ጳጳሱ በጥላ ሥር፣ ካህናቱ በካባ፣ ዲያቆናቱ መስቀል ይዘው ጉልላቱን ይዞራሉ። ከበሮው መጀመሪያ ቀስ ይላል። የጌታን ሥጋ ፍለጋ ነው፤ ማርያም መግደላዊት በጨለማ እንደሄደችው። ሕዝቡ ጧፍ ይዞ ይከተላል። አገር ቤት በየደብሩ የምናየው ሥርዓት ነው፤ ልዩ የሚያደርገው የምትዞሩት ጉልላት እውነተኛው ጎልጎታ የተባለው ቦታ ባለበት ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ መሆኑ ነው። ላሊበላ ሄዳችሁ ዮርዳኖስ የተባለውን ወንዝና ጎልጎታ የተባለውን ቤተ ክርስቲያን አይታችሁ ከሆነ፣ ስሙን እዚያ፣ ቦታውን እዚህ አገኛችሁት።

ከግድግዳው ጥግ ካሜራ የያዙ ቱሪስቶች ቆመው ነበር። አንዱ ጀርመናዊ ስለ ከበሮው ጠየቀኝ፤ የማውቀውን ነገርኩት። ከኋላዬ አንዲት የእስራኤል ፖሊስ ልብስ የለበሰች ወጣት «እናትሽ ደክሟቸዋል፣ እዚህ ይቀመጡ» አለችኝ፤ በጥርት አማርኛ። ጎንደር የተወለዱ ወላጆች ልጅ ናት። እሷ የአይሁድን ፋሲካ፣ እኛ የእኛን ልናከብር፣ ሁለታችንም ጣሪያ ላይ። ክርስቶስ ተንሥአ ሲባል እልል አላለችም፤ ግን ፈገግ ብላ ለእናቴ ውኃ አቀበለቻት።

ሌሊት ከቅዳሴ በኋላ የሚፈሰከው በየማረፊያው ነው። ዶሮ ወጡን የሚሠሩት ቀደም ብለው የመጡ እናቶችና መነኮሳይያት ናቸው፤ ቅመሙ የሚመጣው በእንግዳ ሻንጣ ነው።

ለመሄድ የምታስቡ ከሆነ ጥቂት ነገሮች። መጀመሪያ የአካባቢውን የጸጥታ ሁኔታ አጣሩ፤ ከእሱ በፊት ገንዘብ አትክፈሉ። ቪዛው ጊዜ ስለሚወስድ ብዙ ሰው በቡድን ከሚወስዱ ድርጅቶች ጋር ይሄዳል። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ዋጋው የትኛውን ምሳ፣ የትኛውን አውቶቡስ፣ ስንት ሌሊት እንደሚያካትት በጽሑፍ ጠይቁ፤ እኔ በሙያዬ የማስታወቂያ ወረቀት ጽፌ ስለማውቅ ነው የምላችሁ። የማይንሸራተት ጫማ ያዙ፤ የአሮጌው ከተማ ድንጋይ በብዙ እግር ለስልሷል። ኢየሩሳሌም ተራራ ላይ ናትና የሚያዝያ ሌሊት ይበርዳል፣ ጋቢ አይቀርም። ጾሙን ለሚጾም ምግቡ አያስቸግርም፤ ፋላፍልና ሑሙስ የጾም ናቸው። የአይሁድ ፋሲካ ከእኛ ሳምንት ጋር ከገጠመ ግን በአይሁድ ሠፈር እርሾ የገባበት ዳቦ አታገኙም፤ አሮጌው ከተማ ዐረቦቹ ዘንድ ነው የሚገኘው።

ግርግሩ ከበዛባችሁ ወደ ምዕራቡ ከተማ፣ ወደ ነቢያት ጎዳና ሂዱ። ከእሱ በሚታጠፈው የኢትዮጵያ ጎዳና ላይ፣ አንበሳ በተቀረጸበት በር ውስጥ፣ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት አለች። በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ተጀምራ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ያለቀች፣ እንደ አገር ቤት ደብር ክብ የሆነች ቤተ ክርስቲያን ናት። ጫማ አውልቃችሁ ስትገቡ የምትሰሙት ዝምታ ብቻ ነው። በዚያው ሠፈር የጥንት ነገሥታትና መኳንንት ኪራዩ ለገዳሙ መተዳደሪያ እንዲሆን ያሠሯቸው ቤቶች አሉ። ይህ እኔን ከሁሉ ያስደነቀኝ ነው። እቴጌ ጣይቱና ዘመዶቻቸው የሚያገለግሉት ሰዎች በምን ይበላሉ ብለው አስበው ቤት ሠርተዋል፤ ስጦታ ሰጥቶ ከመመለስ ይልቅ በየወሩ የሚገባ ነገር አዘጋጅተዋል።

ቀን ካላችሁ ዮርዳኖስ ደርሳችሁ ተመለሱ። በወንዙ ዳር እቴጌ መነን ያሠሩት የቅድስት ሥላሴ ገዳም አለ። ከ1967ቱ ጦርነት በኋላ አካባቢው በፈንጂ ታጥሮ ለአሥርተ ዓመታት ተዘግቶ ነበር፤ ፈንጂውን ማጽዳት የተጀመረው በ2018 ነው። ከተጠረገው መንገድ ወጣ ብላችሁ አትሂዱ፣ ልጆቻችሁንም እጃቸውን ያዙ።

በመጨረሻው ቀን ልንሰናበት ስንወጣ አባ የሰም ፍንጣሪ ከወለሉ በቢላ እየፈቀፈቁ አገኘናቸው። እናቴ ለከርሞ ጧፍ እንደምትልክላቸው ነገረቻቸው። «ጧፍስ እዚህም አለ» አሉ አባ፤ «ሽሮ ግን የደብረ ማርቆሱን ላኪልኝ፤ በልጅሽ እጅ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው ደረጃው ላይ እጇን እንድይዛት አዘዙኝ።